የድፍርሱ ውሃ መዝገብ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። ከስር የጅረት ድምፅ ይሰማል።)

ቡና የምታፈሉ ካላችሁ ጀበናውን ቀረብ አድርጉት፤ ለዛሬው ትምህርታችን ያስፈልገናል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጀበናው ከእሳት እንደወረደ ወዲያው ይቀዳል? አይቀዳም። ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ እስኪሰክን ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው ሳይሰክን ቢቀዳውስ? ሲኒው ድፍርስ ይሆናል፤ አተላው አብሮ ይወርዳል። የታገሠ ግን ጥርት ያለ ቡና ይቀዳል፤ አተላው ጀበናው ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ወንዝም እንዲሁ ነው። ሲጣደፍ ያነሳል፤ ሲሰክን ይጥላል። ይህቺን አባባል ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እመለስባታለሁ። ወንዝ ሲጣደፍ ያነሳል፤ ሲሰክን ይጥላል። የሚያነሳው አፈር ነው። የጣለውን ደግሞ ደለል እንለዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወንዙ ዳር እንውረድ። ክረምት ላይ ውሃው ወፍሮ፣ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ቀልቶ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያ ቀለም ከየት መጣ? ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ገደል ተነሳ? ደግሞስ አንድ ጣሳ የወንዝ ውሃ ብትቀዱ፣ ጣሳው ውስጥ አፈር የሚበዛው መቼ ነው? ዝናቡ ገና ሲገባ ነው? ወይስ ወንዙ አፉ ድረስ በሚሞላበት በነሐሴ?

መልሳችሁን በልባችሁ ያዙት። ብዙ ሰው «ነሐሴ ነዋ!» ይላል። ልክ መሆን አለመሆኑን፣ ይህን ጥያቄ በጠርሙስና በሚዛን ከመለሱ ሰዎች እንሰማለን።

(የዝናብ ድምፅ፤ ለጥቂት ሰከንዶች)

ታሪኩን ከስሜን ተራሮች ልጀምር። ሃንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ተመራማሪ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋርደን ሆኖ አገልግሏል። ዋሊያ በሚጠበቅበት በዚያ ተራራ ላይ ገበሬው ገብስ የሚዘራበት ገደላማ ማሳም አለ። ሁርኒ ያንን መሬት፣ የአፈሩን መሳሳትና የጎርፉን አካሄድ አጠና።

ጊዜው የወሎ ረሃብ ከሰው ልብ ያልወጣበት ነው። እርከን በየቦታው መሠራት ጀምሯል። ነገር ግን «ከአንድ ማሳ በዓመት ስንት አፈር ይሄዳል? እርከን ሲሠራበትስ ስንቱ ይቀራል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከሀገራችን መሬት ላይ ተለክቶ የሚሰጥ መልስ እጅግ ጥቂት ነበር።

ስለዚህ በ1981፣ አሁንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ተመሠረተ። መሪው ሁርኒ ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ ወሎ ውስጥ ከደሴ ወደ ደቡብ ማይባር ላይ ተተከለ። ቀጥሎ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ ተከተሉ። አንዲት ጥድ! ስሙን ብቻ ስሙት። አንድ ቦታ በአንዲት ዛፍ ሲጠራ፣ የቀሩት ጥዶች የት ሄዱ ያሰኛል።

ጣቢያዎቹ የተተከሉት ትንንሽ ተፋሰሶች ላይ ነው። ተፋሰስ ስል ምን ማለቴ ነው? የቤታችሁን የቆርቆሮ ጣሪያ አስቡ። ከጣሪያው ጫፍ ወዲህ የወረደ ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ አሸንዳ ይሰበሰባል። ጫፉን አልፎ ወዲያ የወረደው ወደ ሌላው አሸንዳ ይሄዳል። ተፋሰስ ጣሪያው ነው፤ ወንዙ አሸንዳው ነው። ጣሪያው ላይ ያለ አቧራ፣ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ ስብርባሪ ሁሉ አሸንዳው ውስጥ ይገኛል። አሸንዳውን ያየ ሰው ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ያውቃል።

አንጀኒን ምሳሌ እናድርግ። አንጀኒ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የሚጠናው ተፋሰስ ስፋት 113 ሄክታር ያህል ነው። በእግር የሚዞር ሰው ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የማን ማሳ የት እንደሆነ፣ ዘንድሮ ጤፍ ይዘራ ገብስ፣ ማን እርከኑን እንደጠገነ ይታወቃል። ትልቅ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃው ለምን ደፈረሰ ብሎ መመለስ ከባድ ነው፤ ከሺህ ጣሪያ የተሰበሰበ ነውና። እዚህ ግን ጣሪያው አንድ ነው።

(የጠርሙስ ድምፅ፤ ውሃ ሲቀዳ)

አሁን የምነግራችሁ የዚህ ሥራ ልብ ነው። ጅረቱ ከተፋሰሱ በሚወጣበት ቦታ ላይ የውሃውን ከፍታ መለኪያ አለ። እዚያው አካባቢ የሚኖር ረዳት ይጠብቀዋል። ዝናብ ጣለ፤ ጅረቱ ቡናማ መሆን ጀመረ። ረዳቱ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይዞ ይወርዳል፤ ይሞላል፤ ሰዓቱን ይጽፋል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላ ይሞላል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላ። ውሃው ቡናማ እስከሆነ ድረስ አያቋርጥም። ዝናቡ በሌሊት ከመጣ ሥራውም በሌሊት ነው።

ከዚያ ውሃው ይጣራል፤ አፈሩ ይደርቃል፤ ይመዘናል። ከጅረቱ በተጨማሪ በቆርቆሮ የታጠሩ ጠባብ የሙከራ መደቦች አሉ፤ ከመደቡ የታጠበው አፈር ታች ባለው ገንዳ ይጠራቀማል። እሱም ይመዘናል። ይህ በአንድ ክረምት አልቆመም፤ ዓመት ከዓመት ቀጠለ። ስለ ሳይንስ ስናወራ የመሪውን ስም እንጠራለን፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን በጨለማ፣ በዶፍ ዝናብ፣ ጠርሙሱን የያዘውን ሰው ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። እሱ አንድ ሌሊት ቢተኛ ኖሮ የዚያን ጎርፍ ታሪክ ማንም አያውቀውም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ መዝገቡ ምን አለ?

ሁርኒ ከእነዚህ ልኬቶች ተነስቶ ስለ ደጋው ምድራችን ግምት አወጣ። ከሚታረስ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ይነሳል አለ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ገደማ ነው። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ጫነ ብንል፣ ከስምንት አይሱዙ በላይ አፈር ከአንድ ሰው ማሳ ላይ ተጭኖ ሄደ ማለት ነው። በየዓመቱ!

ገበሬው ለምን አያስተውለውም ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱም ሄክታሩ ላይ በእኩል ቢታጠብ የሚሄደው አፈር ውፍረት አራት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንዲት ምስር ፍሬ ስፋት። ዓይን አያየውም። ልጅ ተወልዶ 25 ዓመት ሲሞላው ግን ግማሽ ስንዝር ያህል ሆኗል። አባት በጥልቁ ያረሰውን መሬት ልጁ ሲያርሰው ማረሻው ድንጋይ ይነካል። አፈር በተፈጥሮ አዲስ ይፈጠራል፤ ግን በዚህ ፍጥነት አይደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከማሳው የተነሳ ሁሉ ወንዝ አይገባም። ለምን? ወንዝ ሲጣደፍ ያነሳል፤ ሲሰክን ይጥላል፤ ጎርፍም እንዲሁ ነዋ! ከዳገቱ የተነሳው አፈር ከድንበሩ ሣር ጋር ሲጋጭ ይሰክናል። እርከኑ ጀርባ ይሰክናል። ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ይሰክናል። ለዚህ ነው የታችኛው ሰው ማሳ አንዳንዴ የሚወፍረው። ስለዚህ «ከማሳው ስንት ተነሳ?» እና «በወንዙ ስንት ወጣ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን ለሌላው መልስ ማድረግ ያሳስታል።

(የጅረት ድምፅ)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ጣሳችን ውስጥ አፈር የሚበዛው መቼ ነው?

እነዚያ መዝገቦች በመደርደሪያ ላይ አልቀሩም። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የውሃ ተመራማሪ የሆነው ታሞ ስቴንሁይስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመጡ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እንደገና ከፍተው አነበቧቸው። ተመሳሳይ የውሃ መጠን ያላቸውን ቀናት አነጻጸሩ። ጅረቱ በሰኔና በሐምሌም፣ በመስከረምም አንድ ዓይነት ከፍታ ላይ ደርሷል እንበል። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አፈራቸው እኩል ይሆናል?

አይሆንም! የክረምቱ መግቢያ ጠርሙስ ወፍራም ነው፤ የመስከረሙ ቀጭን ነው። ውሃው እኩል ሆኖ ሳለ አፈሩ በጣም ይለያያል። እንግዲህ «ነሐሴ» ያላችሁ አድማጮች፣ ነሐሴ ውሃው ብዙ ነው፤ ትክክል ናችሁ። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ግን አፈር የሚበዛው ቀደም ብሎ ነው።

ለምን? ይህንን ገበሬ አድማጮቻችን ከእኔ በተሻለ ታስረዱታላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ማሳው ምን ይመስላል? ለጤፍ የሚሆነው መሬት አራት አምስት ጊዜ ታርሷል፤ ልሞ እንደ ዱቄት ሆኗል። አፈሩ ከእናቱ ተለይቷል። የሚሸፍነው ቅጠል የለም፤ የሚይዘው ሥር የለም። ለዘር ሲቃረብ ደግሞ ማሳው በከብት ይረገጣል፤ ላዩ ይጠብቃል፤ ውሃው ላዩን ይሄዳል። በጎጃም ገበሬው ውሃው ዘሩን እንዳያፍነው በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ውሃውን ያወጣል፤ አፈሩንም ይዞ ይወጣል። መስከረም ላይ ደግሞ ጤፉ ምድሩን ሸፍኗል። ጠብታው ቅጠል ላይ ያርፋል፤ አፈሩ በሥር ታስሯል፤ ትንንሾቹ ቦዮች ተረጋግተዋል።

ስለዚህ ደግሜ ልበል። የወንዙ መደፍረስ የዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ ማሳው ምን ለብሶ ይጠብቀዋል? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አገኙ፤ ይኼኛው እኔን በጣም አስደንቆኛል።

ጎርፍ የሚነሳው ከየት ነው? ሁላችንም ወደ ዳገቱ እንጠቁማለን። እስቲ እንጀራ ላይ ወጥ ሲፈስ አስቡ። መጀመሪያ እንጀራው ይጠጣል፤ ላዩ ላይ የሚቆም ነገር የለም። እየራሰ፣ እየራሰ ሲሄድ ግን የሆነ ደረጃ ላይ መጠጣት ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ወጥ ትሪው ላይ ይፈስሳል። ምድራችንም እንደዚያው ናት። ማይባርን፣ አንዲት ጥድንና አንጀኒን አነጻጽረው ሲያዩ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ምድሩ የሚተነው ተቀንሶ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጠጣ ወዲያ ከሚጨመረው ግማሽ ያህሉ ወደ ጅረት ይወጣል። ሦስቱ ቦታዎች የተለያዩ ሆነው ሳለ በዚህ ተመሳሰሉ።

የትኛው ቦታ ቀድሞ ይጠግባል? ታችኛው! ብዙው ዳገት ዝናቡን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ የሰረገው ውሃ በአፈሩ ሆድ ወደ ታች ይሄዳል፤ ረግረጉን፣ የግጦሹን ሜዳ፣ የሸለቆውን ወለል ያጠግባል። ጎርፉ ከዚያ ይነሳል። ዳገት ላይ ደግሞ አፈሩ ተሟጥጦ ድንጋይ የቀረበት ራቁት ቦታ ካለ ከዚያም ይነሳል።

አያችሁ? እንግዲህ እርከናችንን ሁሉ ዳገቱ ላይ አድርገን የታችኛውን ሜዳ ብንረሳው ምን ይሆናል? ቦረቦር ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ በምትገኘው ደብረ ማዊ ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለዋል። የሸለቆው ወለል ሲጠግብ የቦረቦሩ ግድግዳ ይርሳል፤ ይከብዳል፤ ከስር ይበላና ይናዳል። የግጦሽ መሬት ሙሉ ለሙሉ ይገመሳል። ከዚህ ከተናደው የሚወጣው አፈር ከማሳዎቹ ከሚታጠበው በብዙ በልጦ ተገኝቷል። ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር አይደለም፤ ቁልል በቁልል ነው።

ቦረቦር ልጅ ሳለ ይያዛል። ራሱ፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያድግበት ጫፉ፣ በድንጋይ ሲደገፍ፣ ጠርዙ ተዳፋት ሆኖ ሲስተካከልና ሣር ሲተከልበት ይረጋጋል። ጎልምሶ ቤት የሚውጥ ሲሆን ግን የመንደር ጉልበት አይበቃውም።

(የጅረቱ ድምፅ እየሰፋ የወንዝ ድምፅ ይሆናል)

ከዚያ ወዲያስ? አፈሩ ጉዞውን ይቀጥላል። ርብና ጉማራ ከተራራው ሲወርዱ ይጣደፋሉ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ይሰክናሉ። ሲሰክኑ ይጥላሉ። የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ውሃው ማደሪያ ሲያጣ ወደ ሰው ቤትና ማሳ ይወጣል። ግድብ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ማስከኛ ነው። ትልቅ ጀበና በሉት። የአዋሽ ውሃ ቆቃ ላይ ይሰክናል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የተሠራው ያ ግድብ ከውሃ መያዣው ብዙ ቦታ ለደለል ሰጥቷል። በሱዳን በዚያው አቆጣጠር በ1966 የተጠናቀቀው የሮሰሪስ ግድብም ከእኛ ማሳ በሄደ አፈር ሆዱ ጠብቧል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይሞላም። አሁን ግን የአባይ አፈር መጀመሪያ የሚሰክነው በእኛው ጀበና ውስጥ ነው።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ድንጋይ የተሸከመውን ትከሻ አከብራለሁ። ዘመቻው ሲያልቅ የሚነገረው ግን ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ነው። እኔ የምጠብቀው ሌላ ዜና ነው፤ «ዘንድሮ ጅረታችን ከአምናው ቀድሞ ጠራ» የሚል። እርከኑ ጀርባው በደለል ከሞላ፣ ቦዩም ካልተጠረገ፣ ኪሎ ሜትሩ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የዚህ ደግሞ መለኪያው ራሱ ወንዙ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ ሁላችሁም ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲገባ፣ የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ሲጥሉ፣ ከሰፈራችሁ ጅረት አንድ ጠርሙስ ሙሉ። አደራ፣ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ! ጠርሙሱን እንጨት ላይ አስራችሁ ከዳር ቆማችሁ ቅዱ፤ ልጆች ብቻቸውን እንዳይሄዱ። ቀኑን ጻፉበት። መስኮት ላይ አስቀምጡትና ይስከን። በማግስቱ ከስር የተኛውን አፈር ቁመት በጣት ለኩ። በነሐሴ አጋማሽ ሌላ ሙሉ። መስቀል ሲቃረብ ሦስተኛ ሙሉ። ሦስቱን ጎን ለጎን አቁሟቸውና ተመልከቱ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ድገሙት። ከላይ ያለው ማሳ እርከኑ ከተጠረገ፣ ቦረቦሩ ራሱ ከተያዘ፣ የታችኛው ሜዳ ሣር ከለበሰ፣ የሰኔው ጠርሙስ ከአምናው ይለያል? ከተለየም ካልተለየም ጻፉልን፤ በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን።

የዛሬውን እዚህ ላይ እናብቃ። ቡና ላይ ያላችሁ፣ አቦሉ እያወራን አልቋል። ቶናው ግን እስካሁን ሰክኗል፤ ቅዱት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)